ኮማ የሚለው ቃልና የአባዬ አውራ ጣት

ሰኞ፣ ጥር 3። ጠዋት 1፡15

በግራ ጎኑ አዞርኩት። ተረከዙን ቫዝሊን ቀባሁ። ጀርባው አልቆሰለም፤ ከወገቡ በታች አንድ ቀይ ቦታ ብቻ። አጥሚት በቱቦ፣ 200 ሚ.ሊ.፣ በቀስታ። ሲ/ር መጣች። ዓይኑን ገልጣ በባትሪ አየች፣ የደረቱን አጥንት በጣቶቿ አንጓ ፈተገች፣ ጻፈች። 7። ትናንትም 7። ከትናንት ወዲያም 7።

ደብተር ሆይ፣ የንቃት ቁጥሩን እወቀው። ትንሹ 3፣ ትልቁ 15። አንተም ብትመዘን 3 ታገኛለህ። ጤነኛ ሰው 15 ነው። አባዬ መሐል ላይ ቆሟል፣ ወደ ታች ቀረብ ብሎ።

ከወደቀ ዘጠኝ ቀኑ። ሲናና፣ የራሳችን ማሳ ዳር። ስንዴው መኪና ላይ ተጭኖ አልቆ፣ ጆንያው ላይ ወጥቶ ሸራ ሲያስር ገመዱ ተበጠሰ። በጭንቅላቱ መጣ። ጋሼ ደጀኔ፣ ታናሽ ወንድሙ፣ ራሱን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ ጎባ ሆስፒታል አደረሰው። ይህን አልክድም። ሸሚዙ ሁሉ ደም ነበር።

ቅዳሜ እማዬ ዶ/ሩን፣ ኮማ ማለት ምንድን ነው አለችው። ዶ/ሩ ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው። አፋን ኦሮሞው ነጋ ጅርታ ከሚለው ሰላምታ አያልፍም፣ አማርኛው ግን አማርኛ ነው። እሱም ቃል አጣ። ጣሪያ አየ። ከባድ እንቅልፍ ነው እናቴ አላት። እማዬ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። የተኛ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ለደወለ ሁሉ፣ ተኝቷል። ለዕድሩ፣ ለጎረቤቱ፣ ለንስሐ አባቱ። ተኝቷል።

የአባዬን እንቅልፍ አውቀዋለሁ። ያንኮራፋል። ብርድ ልብስ ይጎትታል። በህልሙ በሬ ይሳደባል። ይሄ ሌላ ነው።


ረቡዕ፣ ጥር 5። 9 ሰዓት

7።

ኔትወርክ የሚገኘው መስኮቱ ጋ ብቻ። ቆሜ ስልኬ ላይ አነበብኩ፤ ከሳነቴ የሚወርደው ንፋስ በስንጥቁ ገብቶ ጣቴን አደንዝዞታል። አራት ዓመት ቋንቋ ተምሬ ሁለት ዓመት ሥራ አጣሁ። ቢያንስ ኮማ የሚለውን ቃል ላሳድድበት።

ግሪክ ነው። የጥንት ሐኪሞቻቸው ጥልቅ እንቅልፍ፣ ሰው ቢነካ የማይነቃበት፣ ብለው የጻፉት። ዶ/ሩ አልዋሸም እንግዲህ። ከየት ከየት ተወለደ? ሊቃውንቱ እርግጠኛ አይደሉም። መጋደም ከሚለው ግሥ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በፊደል የሚመስለው ሌላም አለ፤ ፀጉር ማለት ነው፣ የጅራታም ኮከብን ጭጋግ የሚጠሩበት። ዘመዱ አይደለም። ግማሽ ሰዓት እሱን ተከትዬ ጠፋሁ። ደስ ይላል ለግማሽ ሰዓት መጥፋት።

የኛስ? ራስን መሳት። ራስ የሚሳት ነገር ነው፣ እንደ ዒላማ፣ እንደ መንገድ። ሰመመን አለ፤ ግን ሰመመን ቀላል ነው፣ ግማሽ ጆሮ አለው። ከአባዬ አልጋ ቀጥሎ ያሉትን አዴ ሐዋን ጠየቅኋቸው። ከጎሮ ናቸው፤ ባላቸውን ስኳር ጥሎት መጥተው፣ እሱም እንዲህ ነበር፣ አሁን ነቅቶ ሾርባ ይጠጣል። መጀመሪያ አፉን ሲፈታ የጠየቀው ስለ በጉ ነው ብለው ይስቃሉ። እኔ ሁለት ሌሊት ሳለቅስ፣ እሱ በጉን አሉ።

ኦፍ ወላሌ ነው የምንለው አሉ። ራሱን አላወቀም። ራሱን ባያውቅም ረቢ፣ ፈጣሪ፣ ያውቀዋል፤ አብሽሪ ኢንተላ ኮ። አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከሁሉም የሳቸው ይሻላል። ጻፍኩት። ከዚያ ለአባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ግሪኩንም ፀጉሩንም። ይሰማል ብዬ ነው የማወራው። ለእማዬም ይሰማል ነው የምላት።


ዓርብ፣ ጥር 7። ጠዋት 2 ሰዓት

ጨበጠኝ።

እጁን ሳብስ። መዳፉ ውስጥ ጣቴ ነበር። አባዬ ከሰማኸኝ ጨብጠኝ አልኩት፣ በየቀኑ እንደምለው። ጨበጠ። ጠበቅ አድርጎ። አዴ ሐዋም አዩ። ማሻአላህ አሉ ሦስት ጊዜ።

ለእማዬ ደወልኩ። ስልኩ ውስጥ እልል አለች። ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ዶ/ሩ ገና አልዞረም። ወደ ሮቤ ልብረር፤ አንሶላ፣ ፒጃማ፣ ምላጭ። ጋሼ ደጀኔ ደውሎ ወንድሜ ነቃ ወይ አለ። ሰምቶኛል አልኩት። እመጣለሁ፣ አንቺ እስክትመለሺ እቀመጥለታለሁ አለ። አመሰገንኩት። ከልቤ።


በዚያው ቀን። 11 ሰዓት

አውራ ጣቱ ሰማያዊ ነው።

ስመለስ ጋሼ ደጀኔ የለም። አባዬ ተሸፋፍኗል፣ እጁ ብርድ ልብስ ውስጥ። ላጥብ ስገልጥ የቀኝ አውራ ጣቱ። የማኅተም ቀለም። በሳሙና አሸሁት። በአልኮል አሸሁት። በጥፍሩ ሥር ገብቷል።

አዴ ሐዋ ባላቸውን ሽንት ቤት ወስደው ነበር። ሲመለሱ ያዩት ይህን ነው፦ በጠያቂ ሰዓት ጋሼ ደጀኔ ከሁለት ሰዎች ጋር፣ ወረቀት፣ ጆሮው ላይ ጎንበስ ብሎ ሲያወራ፣ ሲያለቅስ። የቤተሰብ ጸሎት መስሏቸው ወጡ። አሁን እጃቸውን ያፋትጋሉ። የእርስዎ ጥፋት አይደለም አልኳቸው። አይደለም።

አባዬ በጣቱ ፈርሞ አያውቅም። ጎልማሳ ሆኖ ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ስሙን መጻፍ ከተማረ ወዲህ ቀለም አስነክሩ ሲሉት ብዕር አምጡ ይላል። ስሙን ሲጽፍ ምላሱን ያወጣል።


ቅዳሜ፣ ጥር 8። ቀን 8 ሰዓት

7።

ጋሼ ደጀኔ መጣ። አልሸሸም። ወረቀቱን ራሱ አሳየኝ፣ ቅጂውን። ስጦታ ይላል። መንገድ ዳር ያለው ማሳ፣ የይዞታችን ግማሽ፣ ለወንድሜ ለደጀኔ። ሁለት ምስክር። ሰማያዊ አሻራ።

ያን ማሳ አባዬ በመስከረም በእማዬ ፊት በስሜ ላዙረው ብሎ ነበር። የመሬት ጽ/ቤቱን ቅጽ እኔ ሞልቻለሁ። አልተፈረመም። መከር ይውጣ አለ። ጋሼ ደጀኔ ያኔም ሴት ልጅ የሰው ናት አለ። ነገ አግብታ አዳማ ትገባለች፣ ማሳውን ባሏ ያከራያል። ባል የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአባዬ ጋር ያረምኩ፣ ከኮምባይነር ባለቤት ጋር የተጨቃጨቅሁ እኔ ነኝ።

በረንዳ ላይ ወጣን። ራሱን የማያውቅ ሰው ጣት ነከርክ አልኩት። እርስዎ ስለው ያደግሁትን ሰው አንተ አልኩት። አፌን አልያዝኩም።

እሱ አልተቆጣም። ያ ነው ያስፈራኝ።

አንቺ ነሽ እኮ የደወልሽው። ሰማኝ አልሽ።

እሱ ቀጠለ።

እኔም ጆሮው ላይ ነገርኩት፣ ወንድሜ ከተስማማህ ጨብጠኝ አልኩት፣ ጨበጠኝ፣ በእግዚአብሔር ፊት። እንባም ከዓይኑ ወጣ። አንቺን ሲጨብጥ ሰምቶ፣ እኔን ሲጨብጥ ደንቁሮ ነው?

አጎቴ አይዋሽም። በእውነት ያምናል። ኮማ ገባ ሲባል ሊሞት ነው ብሎ ነበር፤ ጨበጠ ሲባል ኑዛዜ ለመስጠት ለአፍታ የተመለሰ መሰለው። አያታችን እንዲሁ ሆነው ነበር ይላል፤ ለአንድ ጠዋት ነቅተው ተናዝዘው አረፉ። ያ ጠዋት እንዳያመልጠው ቀለም ይዞ ሮጠ።

የጠራሁት እኔ ነኝ። በእልልታ።


እሑድ፣ ጥር 9። 10 ሰዓት

ዶ/ሩን ያዝኩት። ወረቀት ጻፍልኝ አልኩ፤ አይሰማም፣ አያውቅም፣ መስማማት አይችልም ብለህ። ካርዱን ከፈተ። ጥር 7፣ ጠዋት 7፣ ከሰዓት 7። የተመዘገበውን እጽፋለሁ አለ። መጨበጡስ? መዳፍ ሲነካ ጣት መታጠፍ ሊሆን ይችላል፤ አራስ ልጅም ያደርገዋል። አንጎል ሲጎዳ ተመልሶ ይመጣል።

ስለዚህ ጨበጠኝ ያልኩት ጣት ብቻ ነበር። ማሸነፊያዬ ይሄ ነው። ተነሥቼ በረንዳ ወጣሁ።

ሊሆን ይችላል ነው ያልኩሽ፣ ነው አላልኩም አለኝ ስመለስ። እሱንም ወረቀቱ ላይ ይጽፈዋል።

እንደገና መስኮቱ ጋ። ያ መጋደም የሚለው ግሥ ዘመድ አለው። ማስተኛት የሚል። ከሱ የግሪክ ክርስቲያኖች የመቃብር ቦታን ስም አወጡ፤ መኝታ ቤት አሉት። ስልኩን ዘጋሁ። ለእማዬ ይህን አልነግራትም።

ኦቦ ቱሉ ጋ ደወልኩ። የሲናና ሽማግሌ፣ የአባዬ የማሳ ጎረቤት። የሚመጣው እሑድ፣ ጥር 16፣ ሽማግሌ ይዤ አልጋው ድረስ እመጣለሁ አሉ። ጋሼ ደጀኔ ወረቀቱን ነገ ሰኞ ሊያስመዘግብ ነበር። ከሽማግሌው በፊት አላስገባም ብሎ ቃል ሰጥቷቸዋል።

እማዬ ተይው ትላለች። ደጀኔ ከሌለ ማን ያርስልናል። እኔ አርሳለሁ አልኩ። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች።


ማክሰኞ፣ ጥር 11። ጥምቀት፣ 5 ሰዓት

8።

ታቦቱ በታች መንገድ ሲያልፍ ዝማሬው ገባ። መስኮት ከፈትኩ። አባዬ ዓይኑን ገለጠ። ራሱ። ማንም ሳይነካው። የትም አላየም፣ ግን ገለጠ።

ሲ/ር በደስታ ትከሻዬን መታችኝ። አዴ ሐዋ እንኳን አደረሳችሁ ብለው ከረሜላ አጎረሱኝ። እኔ የቀን መቁጠሪያ ነው ያየሁት። አምስት ቀን ቀረው። እንዲህ እየነቃ ከሄደ እሑድ ሽማግሌዎቹ የሚያዩት የነቃ ሰው ነው። እነ ጋሼ ደጀኔ፣ አሻራው ሲነሣም ነቅቶ ነበር ይሏቸዋል። ማን ካርድ ያነባል? ዓይን ነው የሚያምኑት።

እዚህ ልጻፈው፣ ሌላ ቦታ አልለውምና። እስከ እሑድ አትንቃ አልኩ። በሆዴ። አባቴን። በጥምቀት ቀን።


ዓርብ፣ ጥር 14። ጠዋት 3 ሰዓት

9።

ዶ/ሩ ከ8 ካለፈ ኮማ አንለውም አለ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ደስ ይበላት ብሎ። አሥር ቀን ያሳደድኩት ቃል ከአልጋው ተነሥቶ ሄደ። አባዬ ቀረ። ዓይኑ ክፍት፣ ሰው አይከተልም፣ አይናገርም። ታዲያ ምን እንበለው? የንቃት መቀነስ አለ። የጽ/ቤት አማርኛ።

እማዬ ስትደውል ነቅቷል ወይ አለች። አላውቅም አልኳት።

የጥር 7ን ገጽ ይዤህ ተቀምጫለሁ። ጨበጠኝ። ከሰማኸኝ አልኩት። ሰምቶኛል አልኩት። በራሴ እጅ። ኦቦ ቱሉ ያስምሉኛል፤ የሚያውቁት መንገድ ይሄ ነው። ይህ ገጽ ከሌለ፣ ደወልሽልን ቢሉ፣ ጓጉቼ ነው፣ ምንም አላየሁም ማለት እችላለሁ። አዴ ሐዋ ነገ ይወጣሉ። ምስክር የለም።

ጠርዙን ቀደድኩ። የጣት ያህል።

ከዚያ ተውኩት። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ደጀኔ ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ አባዬ ያላለውን አለ አሰኘው። እኔ ደግሞ ያደረገውን አላደረገም ላሰኝ። ሁለታችንም እጁን ይዘን ልንጎትት። እምቢ።


እሑድ፣ ጥር 16። 11 ሰዓት

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌን ታገሰኝ።

7 ሰዓት ላይ መጡ። ኦቦ ቱሉና ሌላ ሁለት ሽማግሌ፣ ጋሼ ደጀኔ፣ ከምስክሮቹ አንዱ፣ እማዬ። ሲ/ር ከሁለት ሰው በላይ አይገባም ብላ ነበር፤ ኦቦ ቱሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጇን ሳሟት፣ ተሸነፈች። ዶ/ሩም ተጠርቶ መጣ።

ኦቦ ቱሉ መጀመሪያ አባዬን ሰላም አሉት። አከም ኦልቴ፣ ነጋዳ፣ እንዴት ዋልክ ብለው፣ መልስ እንደሰጠ ሰው ጠብቀው፣ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ዶ/ሩ፦

ይሄ ኮማ የምትሉት ምንድን ነው? እንቅልፍ ነው፣ ሞት ነው?

ሁለቱም አይደለም አባቴ አለ። የተኛ ሲቀሰቅሱት ይነቃል፤ የሞተ አይመለስም። ይሄ ቢቀሰቅሱትም የማይነቃ፣ ግን መመለስ የሚችል ነው። ካርዱን አነበበ። ጥር 7፣ 7። ሊሆን ይችላል የሚለውንም አነበበ። ዛሬ 9።

ምስክሩ፣ ይሄ እንግዲህ ቁጥር ነው፣ እኛ በዓይናችን ያየነውስ አለ። ጋሼ ደጀኔም፣ የተማረችው ቁጥሩን ለራሷ ትተርጉመው አለ።

ኦቦ ቱሉ ወደ እኔ ዞሩ። ልጄ፣ ያን ጠዋት ምን አየሽ?

ነገርኳቸው። ጣቴን ጨበጠ። ሰማኝ ብዬ ደወልኩ። ለጋሼ ደጀኔም ሰምቶኛል ያልኩት እኔ ነኝ። እማዬ ነጠላዋን ነከሰች። ጋሼ ደጀኔ ቀና ብሎ አየኝ፤ ትክድ ይሆናል ብሎ ነበር የመጣው፣ ፊቱ ላይ አነበብኩ።

ኦቦ ቱሉ ጢማቸውን አሹ። እኔ አባትሽን ተሾመን አርባ ዓመት አውቀዋለሁ አሉ። አንዲት በግ ለመሸጥ ሦስት ገበያ ይመላለሳል። ተኝቶ በአንድ ቀን መሬት ሰጠ? አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ጋሼ ደጀኔ አልሳቀም። ተነሣ። እነሆ ብሎ የአባዬን እጅ ያዘ። ወንድሜ፣ ሰዎቹ እንዲያዩ፣ ጨብጠኝ።

አባዬ ጨበጠው።

ሁሉም አየ። ምስክሩ፣ ይኸው! አለ። ኦቦ ቱሉ እንኳ ጎንበስ ብለው ጣቱን አዩ።

ዶ/ሩ ነበር በዝግታ የተናገረው። አሁን ልቀቀኝ ይበሉት አለ። መጨበጥን ጣት ብቻውን ያደርገዋል። ተብሎ መልቀቅ ግን መስማት ይፈልጋል።

ጋሼ ደጀኔ ልቀቀኝ ወንድሜ አለ። አልለቀቀም። ትንሽ ጠብቆ፣ ና ዲሲ፣ ልቀቀኝ፣ አለ፣ ልጅ ሆነው በሚያወሩበት በኦሮምኛ። ና ዲሲ፣ እኔ ነኝ፣ ደጀኔ። አልለቀቀም። ጭራሽ ጠበቀ። የጋሼ ደጀኔ ጣቶች ነጡ። ድምፁ ተሰበረ።

እኔ ከአልጋው ማዶ ነበርኩ። ቢለቅ ማሳው ይሄዳል። አወቅሁት፣ በደንብ አወቅሁት። ልቀቀው አባዬ አልኩ። ጮክ ብዬ። ልቀቀው፣ እኔ ነኝ የምልህ፣ ልቀቀው። እማዬም አለችው። ኦቦ ቱሉም ሳይቀሩ ተሾመ ልቀቀው እንጂ አሉ፣ እንደ ቁጣ። ሁላችንም ለመንነው።

አልለቀቀም።

ዶ/ሩ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ከትንሿ ጀምሮ።

ማንም ፍርድ አልተናገረም። ጋሼ ደጀኔ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ሊቀደው ሞከረ፣ እጁ እምቢ አለው። ኦቦ ቱሉ ተቀብለው አራት ቦታ ቀደዱት፣ ቁርጥራጩን ኪሳቸው ከተቱ። ሲነቃ ራሱ ይናገራል፤ እስከዚያ ማንም የማሳውን ወረቀት አይነካካ፤ ዘሩን ደጀኔ ይዝራ፣ ምርቱ ለቤቱ ይግባ አሉ። ጋሼ ደጀኔ ግድግዳ ዞሮ አለቀሰ። እኔም። አሸነፍኩ ደብተር። አባቴ አለመኖሩን በሰው ፊት አስመሰከርኩ፣ አሸነፍኩ።


ሰኞ፣ ጥር 17። ጠዋት 1፡30

9። በቀኝ ጎኑ።

ዶ/ሩ ትናንት አልለቀቀም ማለት ነገ አይለቅም ማለት አይደለም አለኝ። 9 ከ7 ይበልጣል። እሱን ያዝኩ።

እማዬ ኮማውን እንደገና ጠየቀች። እንቅልፍ አይደለም አልኳት። ራሱን አያውቅም፣ እስኪያውቅ እኛ እናውቅለታለን አልኳት። ለጎረቤቶቹም እንዲህ እላለሁ አለች።

ጋሼ ደጀኔ ደወለ። አላነሣሁም። ሁለተኛም ደወለ። ሲነቃ አትንገሪው፣ እኔ እነግረዋለሁ፣ እለምንሻለሁ የሚል መልእክት ጻፈ። አልታረቅሁትም። ግን ሌሊቱን አሰብኩበት።

ወሰንኩ። ሲነቃ፣ አፉን ሲፈታ፣ ስለ ስንዴው ከጠየቀ በኋላ፣ መጀመሪያ ስለ ስንዴው ነው የሚጠይቀው፣ እነግረዋለሁ። ስለ ቀለሙ አይደለም፤ የጋሼ ደጀኔን ጋሼ ደጀኔ ይንገረው። እኔ የምነግረው በጥምቀት ቀን፣ ዓይኑን በገለጠ ሰዓት፣ የተመኘሁትን ነው።